መስተዋድድ ይቅደም

ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር አለባበስ የሚያርም አለው፤ ሌላው የወጥ አሠራር የምታርም አለችው፤ አንዳንዱ ደግሞ መኪና ሊቆም ሲል ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ «ወደ ግራ ስበረው! ስበረው! በቃ!» የሚል፣ ራሱ ግን በሕይወቱ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አለው። እነዚህ ሰዎች የሾማቸው የለም፤ ደሞዝ የላቸውም፤ ጡረታም አይወጡም። አቃቂ በሰቃ ግን ከሁሉም የከበደው ዕጣ ወጣበት። ለአቃቂ በሰቃ የደረሱት መምህር የሺዋስ ናቸው።

ክቡር መምህር የሺዋስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። እንግሊዝኛ ሰፊ አገር ነው፤ የሚወደድም የሚጠላም ነገር ሞልቶበታል። የእሳቸው ልብ ያረፈው ግን አንዲት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ መስተዋድድ ላይ። «ኢን»፣ «ፎር»፣ «ዊዝ»፣ «ቱ» የሚባሉት ቁርጥራጭ ቃላት የዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ ብቻቸውን ቀርተው ሲያዩ፣ ሜዳ ላይ የተጣለ ሕፃን ያገኙ ያህል ይደነግጣሉ። አንስተው ከ«ዊች» ወይም ከ«ሁም» ፊት እስኪያስቀምጧቸው ድረስ ምግብም አይበላላቸውም። ሰፈሩም የደርግን «ኢትዮጵያ ትቅደም» መፈክር ገና አልረሳም ነበርና «መስተዋድድ ይቅደም» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ «ልክ ነው፤ ይቅደም» ብለው አለፉ።

የዚህን ሰው እርማት ከማንም በላይ የተሸከሙት አቶ ኦልጅራ ናቸው። አቶ ኦልጅራ ዛሬ ፋብሪካ የቆመበትን መሬት ሲያርሱ ከኖሩት ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ከመምህር የሺዋስ ጋር አጥር ይጋራሉ። አጥር መጋራት ማለት ደግሞ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ መታረም ማለት ነው።

ወፍጮ ቤቱ ሲታደስ አንድ የሠፈር ሠዓሊ፣ «ጊዜው የእንግሊዝኛ ነው» ብሎ ታፔላው ላይ በቀይ ቀለም «ዘ ሚል ክሊን ጤፍ ኢዝ ግራውንድ ኢን» ብሎ ጻፈላቸው፤ ንጹሕ ጤፍ የሚፈጭበት ወፍጮ ማለቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት መምህር የሺዋስ ታፔላው ሥር ቆመው ተገኙ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«አቶ ኦልጅራ፣ ጤፉ የት ነው የሚፈጨው?»

«እዚህ ነዋ፣ መምህር። ወፍጮው ውስጥ።»

«ታዲያ ያቺ ‹ኢን› ብቻዋን ጫፍ ላይ ምን ትሠራለች? ዝናብ እየመታት?»

አቶ ኦልጅራ ቀና ብለው አዩ። እውነትም ያቺ ቃል ከሌሎቹ ተነጥላ ከቆርቆሮው ጠርዝ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ሠዓሊው ተጠራና «ዘ ሚል ኢን ዊች ክሊን ጤፍ ኢዝ ግራውንድ» ተብሎ እንደገና ተጻፈ። ጤፉ በዚህ ምክንያት የበለጠ አልደቀቀም። ነገር ግን አቶ ኦልጅራ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በታፔላው ሥር ሲያልፉ ትንሽ ደረታቸውን ነፋ ማድረግ ለመዱ።

ይኼ ገና ምኑ ነው? ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ይሠራ የነበረ ሰው ሞቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ሕንዳዊ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ከልቡ አዝኖ «ሂ ዋዝ ኤ ማን ዊ ኩድ ዲፔንድ ኦን» አለ። የምንተማመንበት ሰው ነበር ማለቱ ነው። ከመሀል አንድ ድምፅ፣ በትሕትና ግን በግልጽ፣ «ኦን ሁም ዊ ኩድ ዲፔንድ፣ ሰር» ሲል ተሰማ። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ኦልጅራ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። ሕንዳዊው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኦን ሁም፣ ኦፍ ኮርስ፣ ኦን ሁም» ብሎ አጎነበሰ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋች በኋላ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ለባሌ እንኳን በተጣራ እንግሊዝኛ ተለቀሰለት» አሉ። እስከ ዛሬም ይኮሩበታል።

የታክሲ ረዳቶች ካናቴራቸው ላይ እንግሊዝኛ ካለ ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አቃቂ ድረስ ጀርባቸውን ለመምህር የሺዋስ አያዞሩም። አንዱ አዙሮ አይቶታል። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ እየተነበበ፣ እየተተነተነ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ፍርድ እየሰጠበት ተጓዘ። ሲወርዱ «አባቴ፣ ሒሳብ ይቅርብዎ፤ ካናቴራውን ብቻ ይተዉልኝ» ብሏቸዋል።

ለእውነት ሲባል ግን ሰውየው የሚያውቁትን ማስረዳት ያውቁበታል። በሰማንያዎቹ ዓመታት፣ ፋብሪካው ሁሉ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲጀምር፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ከፍተው ነበር። አቶ ኦልጅራ ገቡ። ልብስ ሰፊው አቶ አደሴም ገቡ፤ ያኔ የፋብሪካ ፎርማን የነበሩት አቶ ጀቤሳም ገቡ። መምህር የሺዋስ ጠመኔያቸውን አንስተው፣ «‹የተወለድኩበት ቤት› ስትሉ ያቺ ‹በት› የት ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁ። ራሳቸውም መለሱት። «ጭራው ላይ! አማርኛ ግሱን ያስቀድምና መስተዋድዱን ጭራው ላይ ያስራል። እንግሊዝኛ ደግሞ መስተዋድዱን ፊት ፊት ያስኬዳል፤ ‹ዘ ሀውስ ኢን ዊች አይ ዋዝ ቦርን›። ለዕቃና ለቦታ ‹ዊች›። ለሰው ‹ሁም›። ‹አብሬው የሠራሁት ሰው› ለማለት ‹ዘ ማን ዊዝ ሁም አይ ወርክድ›። ‹ዛት› የሚባለውን ግን ከመስተዋድድ ኋላ እንዳላይ! ‹ኢን ዛት አይ ዋዝ ቦርን› ያለ ሰው ከክፍሌ ይወጣል።»

አቶ ጀቤሳ ደፈር ብለው፣ «መምህር፣ እዚያ ፋብሪካ ያሉት እንግሊዞች ግን ራሳቸው መጨረሻው ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ፤ ‹ዘ ማን አይ ወርክድ ዊዝ› ነው የሚሉት» አሉ።

«ይላሉ። ስህተትም አይደለም» አሉ መምህር የሺዋስ። «ቤታቸው ነው፤ በቤታቸው በነጠላ ጫማ ይሂዱ። እኛ እንግዶች ነን፣ አቶ ጀቤሳ። እንግዳ ለብሶ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ ክፍል ብዙ እንግሊዝኛ ይዞ የወጣ የለም። ሁሉም ይዞት የወጣው አንድ ነገር ቢኖር ትእዛዝ ነው። መምህር የሺዋስ ሲገቡ «ስታንድ አፕ!» ይላሉ፤ ጎልማሳው ሁሉ፣ ጥበቃው፣ ነጋዴው፣ ፎርማኑ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብድግ ይላል። «ሲት ዳውን!» ሲሉ ቁጭ። ያ ድምፅ የሰው አጥንት ውስጥ ይቀራል። የማታ ትምህርቱ ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው፤ ድምፁ ግን በየአጥንቱ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ቀኑ የመጣው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣ በዓመቱ ነው።

አቶ ኦልጅራ ቤት ያደገ አሻግሬ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አባትና እናቱ በላይ በላዩ ሲሞቱበት አቶ ኦልጅራና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዲንቄ ወስደው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉት። አሁን ቂሊንጦ አካባቢ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ ይሠራል። ዕጣው ደርሶት ቱሉ ዲምቱ አንድ ቤት አግኝቷል። ይኼ ልጅ አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ መጥቶ፣ ዱቄት በዱቄት እስኪሆን ቆሞ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ማግባት እፈልጋለሁ» አለ።

«እሰይ! ማንን?»

«እምነትን።»

አቶ ኦልጅራ ወፍጮውን አጠፉት። እምነት የመምህር የሺዋስ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እናቷ ወይዘሮ አቻምየለሽ ካረፉ ወዲህ እዚያ ቤት ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። መምህር የሺዋስ ራት ላይ የቀኑን ስህተት ሁሉ የሚዘረዝሩላት፣ ሳትሰለች የምትሰማቸው፣ አንዳንዴም የምትስቅላቸው አንዲት ሰው እሷ ናት።

«እሷስ ምን አለች?»

«እሺ ብላለች። ግን ‹አባቴ ከልቡ ካልፈቀደ አላደርገውም› ብላለች። ‹አስቀይሜው ከዚያ ቤት ከምወጣ ሳላገባ ልቅር› ነው ያለችው። እሷ ያለችውን ታደርጋለች፣ ጋሼ።» የልጁ ዓይን ቀላ። አቶ ኦልጅራ ይኼን ልጅ እናቱ ከተቀበረች ወዲህ ሲያለቅስ አይተውት አያውቁም።

እንግዲህ ሽማግሌ ይፈለግ ተባለ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታመመ። አንዱ ጉልበታቸውን፣ አንዱ ወገባቸውን አመማቸው። አንዱማ በግልጽ፣ «እኔ ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረስዎ ልል ገብቼ ታርሜ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። በመጨረሻ የተገኙት ሦስት ናቸው፤ አቶ ኦልጅራ፣ አቶ አደሴና አቶ ጀቤሳ። ሦስቱም የማታ ተማሪዎች እንደነበሩ በዚያን ጊዜ ልብ ያለ ሰው የለም።

የሽምግልናን ሥርዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። የቆመ ሽማግሌ ለቤቱ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ሽበቱን እያየ እንዲሁ ይቁሙልኝ ሊለው ያፍራል፤ ወይ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ወይ እሺ ይላል። መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ግን ተራ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይጋበዛል፣ ይጫወታል፣ ይሸኛል። ይኼን የማያውቅ የለምና ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ ዲንቄ ሦስቱን ጓሮ አቁመው ፈተኗቸው።

«ወንበር ቢስቡላችሁስ?»

«አንቀመጥም!»

«ቢለምኗችሁስ?»

«አንቀመጥም!»

«ቢቆጡስ?»

«እንኳን ቢቆጡ ቢማቱም!» አሉ አቶ ጀቤሳ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው የመምህር የሺዋስን በር አንኳኩ። መምህር የሺዋስ ራሳቸው ከፈቱ። ሦስት ጋቢ፣ ሦስት ከዘራ አዩ። ነገሩ ያኔውኑ ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲሄድ አቶ ኦልጅራ አዩት።

«ግቡ እንጂ። ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም፣ መምህር» አሉ አቶ ኦልጅራ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

«ጉዳዩም ቢሆን ተቀምጣችሁ… እባካችሁ።»

«መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም!» አሉ አቶ ጀቤሳ። እስከዚህ ድረስ ወይዘሮ ዲንቄ ቢያዩ ይኮሩ ነበር።

አቶ አደሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «እንግዲህ፣ መምህር፣ ዘመድ እንሁን ብለን፣ ከደጅዎ ቆመን፣ ልጃችንን ልጅ አድርገው እንዲቀበሉልን…»

መምህር የሺዋስ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ፤ እንደገና አወለቁ። ልጅ ተጠይቀው አያውቁም። በዚህ ጊዜ ምን እንደሚባል የምትነግራቸው ሚስታቸው ደግሞ የለችም። የሰው ቃል ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ፤ ሲጨንቃቸው የማይጠፋቸው ግን አንድ ነገር አለ።

«ሲት ዳውን!» አሉ።

ሦስቱም ቁጭ አሉ።

አቶ ኦልጅራ እስከ ዛሬ ድረስ እንዴት እንደተቀመጡ አያስታውሱም። አስቦ የተቀመጠ የለም። ድምፁ ተሰማ፤ ጉልበት ታጠፈ። «ቢማቱም» ያሉት አቶ ጀቤሳ ሳይቀሩ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ልክ እንደ ማታው ክፍል ተቀምጠዋል። አቶ ኦልጅራ ወንበሩ ከሥራቸው መኖሩን አወቁና አፈሩ።

መምህር የሺዋስም መቀመጣቸውን አወቁ። መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ግን ያላሰቡት ነገር እጃቸው የገባ ሰው ዓይን ሆነ ዓይናቸው። «እንግዲህ…» አሉ ቶሎ ብለው፣ «እንግዲህ ከተቀመጣችሁ እንጫወት። እምነት! ሻይ አምጪ!»

«መምህር፣ ጉዳያችን…»

«ጉዳይ ያለው ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ አቶ ኦልጅራ። እናንተ ተቀምጣችኋል።»

እምነት ሻዩን ይዛ ገባች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የተቀመጠ ሽማግሌ ማለት የተፈቀደለት ሽማግሌ ነው። ፊቷ በራ። ትሪውን ይዛ፣ በደስታ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ አቀርቅረዋል። ወደ አቶ ኦልጅራ ዞረች፤ አቶ ኦልጅራ ዓይናቸውን አሸሹ። ያ ብርሃን ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አራቱም ሰዎች አዩት። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በኋላ መምህር የሺዋስ አወሩ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ አዳማ ፈጣን መንገድ አወሩ፤ በሩቅ ስለሚታየው ስለ ቱሉ ዲምቱ ፎቅ ግን አላወሩም። ወሬያቸው ሁሉ ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር፤ አንድም ቃል ከቦታዋ አልወጣችም። ሆኖም የሚሰማቸው አልነበረም። ሻዩ ሳይቀመስ በረደ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ።

ከበሩ ውጭ ሦስቱ ቆመው ተያዩ።

«እግሬ ነው እንጂ እኔ አልተቀመጥኩም» አሉ አቶ አደሴ።

«ያ ዋቃ! እንዴት ነው የተቀመጥነው?» አሉ አቶ ጀቤሳ፣ አምላካቸውን እየጠሩ። «እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ነው መጀመሪያ የተቀመጠው?»

አቶ ኦልጅራ ከዘራቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሻግሬ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ያንን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ለብዙ ነገር አባብለውታል፤ ለዚህ ግን የሚሉት ቃል አጡ። በመምህር የሺዋስም ተናደዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየደጁ፣ በየድንኳኑ፣ በየታክሲው ስህተት ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ዛሬ አንድ ስህተት ስለጠቀመው ዝም አለ? በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እኚህን ሰው ናቋቸው፤ መናቃቸውም አሳዘናቸው።

ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ በሩ ተከፈተ።

መምህር የሺዋስ ባዶ እግራቸውን ወጥተዋል። መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው። ከሦስቱም ጋር ዓይን ላለመጋጨት መሬት መሬት እያዩ፣ «ልክ አይደለም» አሉ።

«ምኑ፣ መምህር?» አሉ አቶ ኦልጅራ።

«ሁሉም። ሽማግሌ እንደዚያ አይቀመጥም። እኔም እንደዚያ አላስቀምጥም። ተሳስታችኋል፤ ያሳሳትኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ዝም ልል ነበር። ዝም ብል ልጄ ቤቴ ትቀርልኝ ነበር። አልቻልኩም፣ አቶ ኦልጅራ። ከበሩ ጀምሩ። እንደገና።»

አቶ አደሴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አቶ ኦልጅራ ግን ነገሩ ገባቸው። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ብዙ ስህተት አርመዋል፤ እንደዚህ የሚያስከፍላቸው ግን ኖሮ አያውቅም። ከአፍታ በፊት የናቁትን ሰው አቅፈው ቢያለቅሱ በወደዱ፤ ጋቢያቸውን ማስተካከል ይሻላል ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

በሩ ተዘጋ። ሦስቱ አንኳኩ። በሩ ተከፈተ።

«ግቡ። እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ መምህር የሺዋስ፣ በአማርኛ።

«መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

«እሺ። የማን ልጅ ነው?»

«የባቡሩ ሠራተኛ የአቶ ተክሌ ልጅ ነው» አሉ አቶ ኦልጅራ። «የእኔም ልጅ ነው።»

«ከማን ጋር አደገ?»

«ከእኔና ከዲንቄ ጋር። ከልጆቼ ጋር። ያደገው እርስዎ እያዩት ነው፤ ይኼን አጥር ስንት ጊዜ ዘሎ ኳሱን ከግቢዎ ወስዷል።»

«ለማን ነው የሚሠራው? ሲያገባ ለማን ይሆናል?»

«ለቤቱ። ለእሷ። ሰክሮ አያውቅም፤ ሰው አስቀይሞ አያውቅም። ከዋሸሁ ዕድሩ አይቅበረኝ።»

መምህር የሺዋስ ወደ ጓዳው በር አዩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከኋላው የቆመች ሰው እንዳለች ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል እየለዩ፣ «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከጓዳ የታፈነ ልቅሶ ይሁን ሳቅ የማይለይ ድምፅ ተሰማ። ሦስቱ ሽማግሌዎች መርቀው፣ አመስግነው፣ ተሳስመው በክብር ተቀመጡ። ያኔ ነው አቶ ኦልጅራ ቀና ሲሉ መምህር የሺዋስ አሁንም ክፍሉ መሀል እንደቆሙ ያዩት።

«መምህር፣ አልቋል እኮ። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም።»

«ምነው?»

መምህር የሺዋስ እጃቸውን አጣመሩ፤ ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም ጉዳይ አለኝ። መልስ ሳይሰጠኝ አልቀመጥም» አሉ። «ልጄን ወስዳችሁ ቱሉ ዲምቱ ታስገቧታላችሁ። መልካም። እኔ ግን እዚህ ማታ ማታ የማናግረው ሰው የለኝም። እሑድ እሑድ… እሑድ እንኳ ይመጣሉ? ቃል እንድትሰጡኝ ነው ከፊታችሁ የቆምኩት።»

አቶ ጀቤሳ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። አቶ ኦልጅራ ተነሡ። ሄደው የመምህር የሺዋስን እጅ ያዙ።

«እሑድ እነሱ ይመጣሉ፤ ካልመጡ እኔ ጎትቼ አመጣቸዋለሁ» አሉ። «ሌላውን ቀን ደግሞ እኔ እመጣለሁ። አሻግሬ ሲወጣ የእኔስ ቤት መች ሙሉ ሊሆን ነው? ዲንቄስ የተረፈ ራት እያየች የማታዝን ይመስልዎታል? ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ወይ እርስዎ አጥሩን ይዞራሉ፣ ወይ እኔ እዞራለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

መምህር የሺዋስ ተቀመጡ። ተቀምጠው ዝም አሉ። ማንንም ሳያርሙ እጃቸውን ያዩ ነበር። እምነት መጥታ የአባቷን ትከሻ ሳመች፤ አሁንም ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም አቶ ኦልጅራን አንድ ፍርሃት ያዛቸው። ከሰውየው ውስጥ አንድ ነገር የተሰበረ መሰላቸው።

አቶ አደሴ ደስታቸውን መቆጣጠር ስላልቻሉ፣ ለዕለቱ ክብር ከማታው ክፍል የቀረቻቸውን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባስበው ብድግ አሉ። «ዚስ ኢዝ ዘ ዴይ ዊ ፕሬይድ ፎር!» አሉ። የጸለይንለት ቀን ይኼ ነው ማለታቸው ነበር።

አቶ ኦልጅራ ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ መምህር የሺዋስ አዩ። ‹በል እንጂ› አሉ በልባቸው፤ ‹በል እንጂ፣ አንተ ሰው›። እምነትም አየቻቸው። አቶ ጀቤሳም ከጋቢያቸው ሥር ብቅ ብለው አዩ።

መምህር የሺዋስ ቀስ ብለው ቀና አሉ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

«ፎር ዊች፣ አቶ አደሴ» አሉ። «ፎር ዊች ዊ ፕሬይድ።»

አቶ ኦልጅራ እርማት ሰምተው እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።